የምክትሎች ፍልሰት

የማቲ መኮንንን ከሥራ ወደ ሥራ መዘዋወር መንስኤ አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ እንዲያቀርብ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ፣ በአውሮራ ከተማና በአካባቢዋ ከተቋቋሙት ኮሚቴዎች ሁሉ ሥራውን በመጀመር ቀዳሚው ነው። ሌሎቹ ገና ሰብሳቢ በመምረጥ ላይ ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከጋብቻ ነው። ማቲ የኮሌጅ ፉትቦል ረዳት አሰልጣኝ ነው፤ በእግር የሚጫወቱት ሳይሆን፣ የራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበት። አባቱ አቶ መኮንን ለሰው ሲናገሩ «ልጄ ኮሌጅ ነው የሚያስተምረው» ይላሉ፤ ምን እንደሚያስተምር የሚጠይቅ ከተገኘ ወዲያው ቸኩያለሁ ብለው ይሄዳሉ። ማቲ ሔቨንን ወደደ፣ ሔቨንም ወደደችው። የሔቨን አባት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆኑ የከተማዋ ሐበሾች እድር ሊቀመንበር አቶ ተክለሚካኤል ናቸው። አቶ መኮንን የእርሳቸው ምክትል ናቸው።

ምክትልነት ቀላል ኃላፊነት እንዳይመስላችሁ። እድሩ ሲሰበሰብ አቶ መኮንን ቀድመው ይነሱና ማይክሮፎኑን መታ መታ አድርገው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ከኋላ ይሰማል?» ይላሉ። «ይሰማል!» ሲባል ለአቶ ተክለሚካኤል ያስረክባሉ። ይህን ታላቅ ተግባር ማቲ በእቅፍ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያለ አንዳች እንከን ተወጥተውታል። ከ«ይሰማል?» ቀጥሎ ሊናገሩት የሚመኙትን ንግግር ግን መኪና ውስጥ ቀይ መብራት በያዛቸው ቁጥር ለብቻቸው ይለማመዱታል።

የልጅ አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም ይባላል። ይሁን እንጂ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ሥራ ስለሚገቡ፣ አቶ መኮንን የእድሩን ምክትል ጸሐፊ አቶ በድሉን አስቀድመው ሎውሪ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ አቶ ተክለሚካኤል ቤት ሄዱ። እንደ ወጉም አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ በድሉ።

«ልጁ ጨዋ ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን ካንሳስ ሄደ። አይዳሆ ሄደ። ቴክሳስ ሄደ። አሁን ደግሞ እዚህ መጣ። በየዓመቱ ሥራ የሚቀይር ሰው ነገ ልጄንም ላለመቀየሩ ምን ዋስትና አለኝ? ምክንያቱ ተጣርቶ ይቅረብልኝ።»

ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ፣ አጣሪ ኮሚቴ ሆነው ተመለሱ። ሔቨን በሩን ስትከፍትላቸው ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ምርመራው የተካሄደው ግሌንዴል በሚገኘው በአቶ መኮንን አፓርታማ ነው።

«ከሰው ተጣልተህ ነው?» ብለው አቶ በድሉ ጀመሩ።

«ኖ፣ ጋሽ በድሉ። ሁሉም ይወዱኛል።»

«ደሞዝ አንሶህ ነው?»

«ያው ነው፣ ቤዚክሊ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ታይትል፣ ማዕረግ። ካንሳስ አሲስታንት፣ ያው ረዳት ነበርኩ። አይዳሆ ሲኒየር አሲስታንት አደረጉኝ።»

«ሲኒየር አሲስታንት ከአሲስታንት በምን ይለያል?»

ማቲ ትንሽ አሰበ። «በሲኒየር።»

«ቴክሳስስ?»

«ሄድ ኮቹ፣ ዋናው አሰልጣኝ፣ ሙቭ ሲያደርግ ሁላችንንም ይዞን ሄደ። እዚያ አሶሺየት ተባልኩ። ላይክ፣ ሁሉም አሲስታንት አንድ ቀን ሄድ ኮች እሆናለሁ ብሎ ነው የሚዞረው። በቃ፣ ዛትስ ኢት።»

ኮሚቴው ይህን እውነት በጥሞና ካዳመጠ በኋላ በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረገው። የተማረ ጎልማሳ ከስሙ ፊት ለምትለጠፍ አንዲት ቃል ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ አገር ያቋርጣል ብሎ ማመን ለአዋቂ ሰው ይከብዳል። «ደብቆን ነው» አሉ አቶ መኮንን። «ከአለቃው ጋር ቅራኔ አለው።» ቅራኔ ካለ ደግሞ መፍትሔው ሽምግልና ነው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ኩታ ደርበው፣ ከኮሌጁ ሜዳ መሐል ልምምድ ላይ ገቡ። ዋናው አሰልጣኝ በልምምድ ሰዓት ዘንጦ ሜዳ የሚገባ ሰው የሚያውቀው ስታዲየም ላሠራላችሁ የሚል ባለጸጋ ሲመጣ ብቻ ስለነበር፣ ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታውን አስቆመ። የቡድኑን ቆብ በየራሳቸው ላይ ደፋላቸው። ወንበርም አስመጣ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ በድሉ በእንግሊዝኛ። «ልጃችን ማቲ አስቀይሞህ ከሆነ ይቅር በለን።»

«ማቲ? እወደዋለሁ እንጂ!» አለና አሰልጣኙ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። ሩቅ አገር ያለ ትልቅ ኮሌጅ እንደ ቀጠረው፣ ማቲንም የተከላካዮች ሁሉ አለቃ አድርጎ ይዞት ሊሄድ እንደ ጠየቀው ሹክ አላቸው። «ለማንም እንዳትነግሩብኝ። ልጆቹን በዚህ ሳምንት ታማኝነት እያስተማርኳቸው ነው።»

አቶ መኮንን ኩታቸውን ሰብስበው ሮጡ። ልጃቸውን ከሜዳው ዳር አገኙት።

«ልትሄድ ነው?»

ማቲ የሚላተሙትን ልጆች ትኩር ብሎ አየ። ያን ሹመት ሲመኘው ኖሯል። «ትናንት ኖ አልኩት፣ አባዬ። ሔቨን እዚህ ናት።»

አቶ መኮንን ልጃቸውን አቅፈው በደስታ አለቀሱ። ቆቡ ወደቀ፤ ማንሳቱንም ረሱት።

ሁለተኛው ጉዞ ወደ ሎውሪ በድል አድራጊነት ስሜት ተጀመረ። ማቲ በራሱ መኪና ከኋላ ይከተላል። ሃቫና መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዛቸው አቶ በድሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ መኮንን፣ አንዳንዶቻችን አዲስ እድር ልናቋቁም ነው። ሊቀመንበርነቱን ለእርስዎ አስበናል። ማይክሮፎንም ገዝተናል።»

አረንጓዴው በራ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ቢያስጮኹም አቶ መኮንን አልተነቃነቁም።

«ድምፁ እንዴት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ጥርት ያለ ነው።»

ሎውሪ ደረሱ። ቆሙ። አቶ መኮንን በሕይወታቸው ከተናገሩት ሁሉ የላቀውን ንግግር ያለ ማይክሮፎን አደረጉ። «በእኛ ቤት ሰው ቃሉን አያጥፍም! በእኛ ቤት ወንበር አይቶ የሚሮጥ የለም! ይኸው ልጄ፣ ሹመት መጥቶለት ለልጅዎ ሲል እምቢ አለ!»

አቶ ተክለሚካኤል ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንዲህ ከሆነ ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

ከወጥ ቤት እልልታው ቀለጠ። አቶ በድሉ ተቀመጡ። አቶ መኮንን ግን እንደ ቆሙ ቀሩ።

«እሺ አልኩ እኮ፣ አቶ መኮንን።»

«አንዲት ነገር ቀርታኛለች» አሉ አቶ መኮንን። «ከእድሩ ለቅቄያለሁ። የአዲሱ እድር ሊቀመንበር ሆኛለሁ። ምክትል ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡም አብረውኝ ይመጣሉ።»

እልልታው ጸጥ አለ።

«ተጣላን እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! እወድዎታለሁ።»

«ሥራው ይለያል?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

አቶ መኮንን አፋቸውን ከፈቱ። በቀይ መብራት ሁሉ የተለማመዱት ንግግር አንድም ቃል አልመጣላቸውም።

«ታይትል» አለ ማቲ ከበሩ አጠገብ።

አቶ ተክለሚካኤል አባቱን አዩ፣ ልጁን አዩ። ከዚያም ከጎናቸው ያለውን ወንበር ሳቡ።

«አንተ ና ተቀመጥ፣ ልጄ። የአባትህ ምክንያት ግን ተጣርቶ ይቅረብልኝ።»

ማቲ ተቀመጠ። አቶ መኮንን እስካሁን እንደ ቆሙ ናቸው።