መምህሩ ዲ አገኙ

[መካነ ሰላም፣ ጠዋት። ጡረተኛው መምህር የኋላሸት ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጃንጥላ ዘርግተዋል። ጎረቤታቸው ሷሊህ ፊታቸው ቆሟል።]

የኋላሸት፦ ፈቀቅ በል አልኩህ! መድኃኒቴ ላይ ቆመሃል!

ሷሊህ፦ [ዘሎ] አዑዙ ቢላህ! ክኒንዎን ረገጥኩት?

የኋላሸት፦ ፀሐይዋን ነው፣ አንተ ድንጋይ! ሐኪሙ «ቫይታሚን ዲዎ ዝቅ ብሏል፣ ፀሐይ ይሙቁ» ብሎኛል።

ሷሊህ፦ ዲ? ስንቱን ተማሪ በዲ ሲያስለቅሱ ኖረው! የልጅ እንባ መሬት አይወድቅም።

የኋላሸት፦ የትምህርት ዲ አይደለም!

ሷሊህ፦ አብሽሩ መምህር። በሒሳብ የሰጡኝ ዲ ቤት አለ፤ ካነሰዎት ልመልስልዎ።

የኋላሸት፦ ዲ ብቻ ቢሆን መች ቸገረኝ! አንገት ላይ ያለችው እጢ፣ ታይሮይድ የምትባለው፣ ሥራዋን አቀዝቅዛለች። ብርዱም እንቅልፉም የእሷ ነው።

ሷሊህ፦ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

የኋላሸት፦ እንቅርት የለብኝም!

ሷሊህ፦ አልሐምዱሊላህ። ጆሮ ደግፉ ብቻ ነዋ።

የኋላሸት፦ [ጥርሳቸውን ነክሰው] ስማ። ዛሬ ለእህቴ ልጅ ለኪዳን ሽምግልና አቀስታ እሄዳለሁ። ባለፈው የልጅቷ አባት ሲናገር እንቅልፍ ጣለኝና «ንቆኛል» ብሎ መለሰን። ዛሬም ካንቀላፋሁ ኪዳን ልጅቷን አጣት።

ሷሊህ፦ አብሬዎ ልሂድና ልቆንጥጥዎ?

የኋላሸት፦ አንተ? ሽምግልና አንደበት ይፈልጋል!

ሷሊህ፦ ክኒኑስ አልሠራም?

የኋላሸት፦ ሐኪሙ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ብሎኝ ነበር። እኔ አሻሽዬ በወተት አደረግሁት።

ሷሊህ፦ ነገሩት?

የኋላሸት፦ ለምን እነግረዋለሁ? ተማሪዬ የነበረ ልጅ!

ሷሊህ፦ ለእሱም ዲ ሰጥተውት ነበር?

የኋላሸት፦ ሲ!

ሷሊህ፦ ፀሐይዋስ በጋቢና በጃንጥላ እንዴት ታልፋለች?

የኋላሸት፦ የጋቢ ክር መሐሉ ክፍት ነው፤ በሳይንስ ሾልካ ትገባለች። ጃንጥላው ትርፉን ይመልሳል።

ሷሊህ፦ ባይከናነቡስ? ቶሎ አይነቁም?

የኋላሸት፦ [አሰብ አድርገው] ልናገረው ስል ቀደምከኝ። ያዝ! [ጋቢውንና ጃንጥላውን ሰጥተው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ።] አየህ፣ ፀሐይ ሰውነትን... ታነ... ቃ... [ያንኮራፋሉ።]

[የሚኒባስ ክላክስ ይሰማል።]

ሷሊህ፦ መምህር! ሽማግሎቹ መጡ! መምህር! [ይነቀንቃቸዋል። ጋቢውን ያያል። እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይሮጣል።]

[አመሻሽ። የመምህሩ ፊት ቀልቷል። ሷሊህ ጋቢውን እንደለበሰ ይገባል።]

የኋላሸት፦ ሌባ! ጋቢዬን ይዘህ የት ዋልክ?

ሷሊህ፦ አቀስታ። አብሽሩ፣ ልጅቷን ሰጡን!

የኋላሸት፦ አንተ ምን ብለህ ተናግረህ?

ሷሊህ፦ ምንም። አባትየው ሲያወራ ዋለ፤ እኔ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። «ተምሮ እንዲህ አድማጭ!» አለ።

የኋላሸት፦ ማን ነው የተማረው?

ሷሊህ፦ እርስዎ ነዎታ! ባለፈውም ተከናንበው ነው የተኙት፤ መልክዎን ማን አየው? በዚህ ጋቢ የገባው ሁሉ መምህር የኋላሸት ነው። ሽማግሎቹ እነ ንጉሡም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አላጋለጡኝም።

የኋላሸት፦ ጉድ ፈላ! ሠርጉ ላይ ምን ልንሆን ነው?

ሷሊህ፦ ቀላል ነው። መራቂው መምህር የኋላሸት ናቸው ስለተባለ እኔ እመርቃለሁ። እርስዎ ሷሊህ ሆነው ይምጡ። ሷሊህ ቢያንቀላፋ ማንም አይቀየምም።