«ደህና ነኝ» ባይ እናት

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ግን በስልክ የምታናግረኝ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። «በላሽ ወይ?» መባል ያለባትስ እሷ አልነበረችም? ስለ ራሷ የምታውቀው መልስ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ እናቶች ጣሪያው ቢወድቅባቸው እንኳ «ነፋስ ገባልኝ፣ ተመስገን» ይላሉ።

እኔ በዐረብ አገር፣ ዐማራት በሚባል የከተማ ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ እሷ ከተማውን ከሚከፍለው ወንዝ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖር ነበር። ከተማው ውስጥ ግርግር በተነሣ ሰሞን ወደ እሷ የሚያሻግረው ድልድይ ተዘጋ፤ ስልኳም ሁለት ቀን አልነሳ አለ። በሦስተኛው ቀን አነሳችው።

«ደህና ነኝ።»

«እማ፣ እስቲ ተነሺና የብረት በሩን ክፈቺው፤ ሲጢጥ ሲል ልስማ።»

«አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽብኝ?»

«ክፈቺው፣ በማርያም!»

«ኸላስ፣ ተይኝ በቃ! በሩ ሩቅ ነው።»

ሩቅ! አንባቢዬ፣ የእናቴ ቤት እኮ አንድ ክፍል ናት፤ ከአልጋዋ እስከ በሩ ሁለት እርምጃ ነው። ወዲያው ቡሪ በሚባል ሰፈር በግንበኝነት ለሚሠራው ወንድሜ ደወልኩለት።

ሥራውን ጥሎ ሄዶ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። በማግስቱ ሲከፈት ተሻገረ፤ ወድቃ እግሯ የተሰበረውን እናታችንን አዝሎ ሐኪም ቤት ወሰዳት።