«ተቀበል» የተከለከለበት ሠርግ

ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል። እኔ ግን ያየሁት፣ ባለቤቱ ራሱ አሞሌውን የሚያከብረው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ካደነቀለት በኋላ ነው። እኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካኖቹም እንዲሁ ነበሩ አሉ። ሙዚቀኞቻቸው ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ይማሩና ጀርመን ጀርመን የሚል ሙዚቃ ይዘው ይመለሳሉ። ኋላ አንድ አውሮፓዊ እንግዳ መጥቶ፣ ሀብቱማ እዚሁ ጥቁሮቻችሁ በሚያዜሙት ውስጥ አለላችሁ ቢላቸው ጊዜ ጆሯቸው ተከፈተ። መካሪው ኸዋጃ፣ ማለትም ፈረንጅ፣ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ጥቁሮቹ ራሳቸው ቢናገሩት ማን ይሰማቸው ነበር?

ይህን የነገረን መምህር ዳዊት ነው፤ ካርቱም ሙዚቃ ተምሮ፣ ጦርነቱ ሲመጣ እናቱ ዘንድ ዶካ፣ እኛ ሐበሾች ወደምንኖርባት የሱዳን ጠረፍ ከተማ፣ የተመለሰ። የነገረንም ያለ ነገር አይደለም። የእመት ጥሩነሽ ልጅ ልትዳር ነው፤ ሙሽራው ደግሞ ከገዳሪፍ ኦርጋን ተጫዋች ካልመጣ ብሎ ድርቅ አለ። አያ ሙሉ፣ ማሲንቆውን ይዞ ከጎንደር ወርዶ እዚሁ ያረጀው አዝማሪያችን፣ ይህ ሠርግ ካለፈው ሌላ የሚጠራው እንደሌለ ያውቃል። ወገቡ የሰሊጥ አጨዳ አይችልም። መምህሩ የአሜሪካኖቹን ታሪክ አንስቶ ተሟገተለትና መጀመሪያ አያ ሙሉ፣ ቀጥሎ ኦርጋኑ ተባለ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

መምህሩ ግን ማሸነፉ አልበቃው አለ። ይህ የእኛ ክላሲካል ሙዚቃ ነው፣ ክላሲካል ደግሞ በሥርዓት ነው የሚደመጠው ብሎ ወንበሩን በረድፍ አስደረደረ። እስክስታ የለም። እልልታ የለም። «ተቀበል» እያሉ ለአዝማሪው ግጥም መስጠትማ ነውር ሆነ። እመት ጥሩነሽ እንኳ ለልጃቸው ሳምንት ሙሉ ያሰናዱትን ግጥም ዋጥ አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

አያ ሙሉ ማሲንቆውን ጥቂት ገዘገዘና ግጥም የሚሰጠው ጠበቀ። ዝም። ዞሮ አየን። ዝም። አዝማሪ ከሰው አፍ እየተቀበለ ነው የሚዘፍነው፤ እኛ ደግሞ አክብረነው አፋችንን ዘግተናል። ላብ አጠመቀው። ደጋኑን ሲያወርድ ያለቀ መስሎን እንደ ጉድ አጨበጨብን። ወዲያው ኦርጋኑ ሲጀምር ወንበሩ ተገለባበጠ፤ እመት ጥሩነሽ ሳይቀሩ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ አያ ሙሉን የጠራው የለም።

አጨዳ ሲደርስ መምህሩና እኔ መንገድ ዳር አገኘነው፤ ወደ እርሻው የሚወስደውን ሎሪ ይጠብቃል።

«አያ ሙሉ፣ ያን ለት እኮ እንደ ትልቅ ሰው ነው የተደመጡት» አለው መምህሩ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለ ሽማግሌው። «ስትንቁኝ እየዘፈንሁ እበላ ነበር። ያከበራችሁኝ ለት ማጭድ አስያዛችሁኝ።»