ጉርሻ በጣሊያን ምግብ ቤት

አንዳንድ ሰው የትም ይብላ የት፣ ካላጎረሰ የበላ አይመስለውም። እርስዎስ እንዲህ ያለ ዘመድ የለዎትም? አጎቴ ጋሽ ተካ እዚህ ናይሮቢ ህንድ ቤትም ቻይና ቤትም አጉርሰውኛል።

በቀደም ልጃቸው ሳራ ኬንያዊ እጮኛዋን ከነአባቱ ልታስተዋውቀን ዌስትላንድስ ሰፈር፣ ጣሊያን ምግብ ቤት ቀጠረችን። አባትየው ስለ ጋብቻው እሺም እንቢም ያላሉ፣ ባለ ከረባት ዝምተኛ ናቸው። ምግቡ እንደ ቀረበ ጋሽ ተካ ስፓጌቲውን በጣታቸው ጠቅልለው ተነሡ።

«አባዬ፣ ኧረ ተው!» አለች ሳራ።

ጉርሻው ግን አባትየው አፍ ደርሷል። አባትየው ወንድ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

አላምጠው እንደ ጨረሱ ሄደው እጃቸውን ታጥበው ተመለሱ። ከሳህናቸው ስፓጌቲ ጠቀለሉና ወደ ሳራ ዞረው፣ በስዋሂሊ «ልጄ፣ አፍሽን ክፈቺ» አሏት።

ሳራ ነጭ ቀሚሷ ላይ ሱጎ እየተንጠባጠበ፣ እያለቀሰች ጎረሰች።