የላይኛው ሚካኤል የት ነበር?

ቤተ ክርስቲያን ከቦታው የማይነቃነቅ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ እኛ መንደር ይምጣ። የእኛ ሚካኤል ሁለት ጊዜ ቤት ለውጧል፤ ያውም ሁለቱንም ጊዜ ቁልቁል። መንደራችን ከጭሮ ወጣ ብላ ተዳፋት ላይ የተለጠፈች ናት። መጀመሪያ ሰዉ ጋራው አናት ላይ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም የሣር ክዳኑን ደፍቶ እዚያው ከሰዉ ጋር። ኋላ ምንጩ ሲነጥፍ ሰዉ ወደ ጋራው ወገብ ወረደ፤ ታቦቱም ወረደና «ለአንድ ሁለት ዓመት» ተብሎ የቆርቆሮ መቃኞ ተሠራለት። መቃኞ እንግዲህ ዋናው ሕንጻ እስኪያልቅ የሚቆም ጊዜያዊ ቤት ነው፤ ጊዜያዊ የሚባል ነገር በአገራችን ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እኔ እዚያ ክርስትና ተነሥቼ፣ እዚያ ዲያቆናቱን ስረብሽ አድጌ፣ እዚያው አገባሁ። አሁን ደግሞ አስፋልቱ ዳር ጉልላቱ የሚያብለጨልጭ፣ ድምፅ ማጉያ ያለው ሕንጻ አለን። እኛ ለመውጣት ብንሰንፍ መልአኩ እየወረደ ተከተለን።

ይህን የምተርክላችሁ የታሪክ መምህር ስለነበርኩ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰበካ ጉባኤው የአጥቢያውን ታሪክ በትንሽ መጽሔት እንድጽፍ አዞኛል። የታችኛውን ጻፍኩ፤ የመካከለኛውንም ጻፍኩ፤ የላይኛው ላይ ስደርስ «ጋራው አናት ላይ ነበር» ብዬ አለፍኩት። አናቱ ደግሞ ጠባብ እንዳይመስላችሁ። የት ጋ እንደነበር የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ፣ እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ጣጣው የመጣው ከውሃ ጋር ነው። ለመንደሩ የቧንቧ ውሃ ሊገባ ሆነና ማጠራቀሚያው ጋራው ላይ እንዲሠራ ተወሰነ። ደስ ብሎን ሳናበቃ መምሬ ደስታ ተነሡ። መምሬ የአጥቢያችን አዛውንት ካህን ናቸው፤ አባታቸው የላይኛው ሚካኤል የመጨረሻ ቄስ ነበሩ። «መንበሩ የቆመበት ቦታ ላይ ቢቆፈርስ?» አሉ። ታቦት ያረፈበት፣ ሥጋ ወደሙ የተፈተተበት መሬት ሕንጻው ቢፈርስም አይረገጥም፤ ይታጠራል እንጂ። የቆፋሪዎቹ አለቃ ጨዋ ሰው ነው፤ «ቦታውን አሳዩኝ፣ እኔ ዞር አደርገዋለሁ። ሰኞ ግን ሥራ እጀምራለሁ» አለ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር።

አራት ሆነን ወጣን፤ መምሬ፣ ሁለት የሰበካው ሽማግሌዎችና ታሪክ ጸሐፊ ተብዬው እኔ። አናቱ እንደ ሌላው የጭሮ ጋራ ሁሉ ጫት በጫት ነው። ዳር ላይ ግን ክብ ሆኖ የተደረደረ የድንጋይ ፍርስራሽ አየሁ። ክብ ነው! አስተማሪነቴ ወዲያው ተነሣብኝ፤ በዱላዬ እየጠቆምኩ «ይኸ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ይኸ ቅድስቱ፣ መቅደሱ ደግሞ እዚህ መሃል» ብዬ ተነተንኩ። በሮቹ ወዴት ወዴት እንደነበሩ ሳይቀር ተናገርኩ። አራታችንም ጫማችንን አወለቅን። መምሬ አባታቸውን በስመ ክርስትና እየጠሩ ረጅም ጸሎት አደረሱና ድንጋዩን ተሳለሙ። እኔም ተሳለምኩ። ያውም ሁለት ጊዜ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ቀና ስንል ኦቦ ሙሜ ጫታቸው መሃል ቆመው ያዩናል። ኦቦ ሙሜ የመሬቱ ባለቤት፣ ከመምሬም በዕድሜ የሚበልጡ ሙስሊም ገበሬ ናቸው። አማርኛቸው የገበያ ስለሆነ አንቱታ አይሆንላቸውም፤ ጳጳስ ቢመጣም አንተ ነው።

«ቄሱ፣ ጨረስክ?» አሉ።

«ጨረስን፣ ኦቦ ሙሜ።»

«ጸሎት አይቋረጥም ብዬ ዝም አልኩ። ይሄ ግን የፍየል ቤት ነበረ። አባቴ ነው የሠራው።»

 እኔ ቀስ ብዬ ከንፈሬን ጠረግሁ።

«ኮታ፣ ኑ» ብለው በጫቱ መደዳ መሃል ለመሃል ወሰዱን። ድንገት ጫቱ አለቀ። ከፊታችን የአንዲት ጎጆ ስፋት ያለው፣ ዙሪያውን በቁልቋል የታጠረ፣ ማጭድ የማያውቀው ሣር። ኦቦ ሙሜ ከእኛ ቀድመው ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁና ዳሩ ላይ ቆሙ። አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ውስጥ አልገቡም።

«አባትህ ታቦቱን ይዞ ሲወርድ ለአባቴ አደራ አለ» አሉ ለመምሬ። «‹እዚህ እግር አይግባ› አለው። አባቴ ሲሞት ለኔ አደራ አለ። ማሽላ ስዘራ ሞፈሩን አነሣለሁ። ጫት ስተክል ዞርኩ። ልጆቼም ያውቃሉ።»

እናንተ አገራችንን የምታውቁ ፍረዱ። ጫት በአጥር ሥርና በደጃፍ በሚተከልበት ጋራ ላይ፣ አባትና ልጅ ዕድሜ ልካቸውን በለም መሬታቸው መሃል ለሌላ ሃይማኖት ሰው በገቡት ቃል ዙሪያ አረሱ። ማንም አላያቸውም። እኛ አንድ ቀን እንኳ ወጥተን «አለ ወይ?» አላልንም። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ፤ እዚህ ግን ለመጠቆም ዱላዬን አላነሣሁም። መምሬ ከቁልቋሉ ውጭ በግንባራቸው ተደፍተው ቶሎ አልተነሡም። የማጠራቀሚያውም ነገር በአንድ ቃል አለቀ፤ ኦቦ ሙሜ «ጋኑን የፍየሉ ቤት ጋ ይሥሩት» አሉ።

ልንወርድ ስንል ግን የመምሬን እጅ ያዝ አደረጉ።

«የእኛስ?»

«የእናንተ ምን?»

«አያቴ ታች ነበር የሚኖረው፣ አሁን እናንተ ያላችሁበት። በድንጋይ የከበበው መስገጃ ነበረው። አባቴ ወደዚህ ሲወጣ እሱም ለአባትህ አደራ አለ። ያን ቀን፣ ሁለቱም እዚሁ ቆመው። ጉልበቴ ሳይደክም ወርጄ ሁለት ረከዓ ልስገድበት። የት ጋ ነው?»

መምሬ እኔን አዩኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ። ደብተሬ ውስጥ የመቃኞውን ቆርቆሮ የመታው አናጢ ስም ሳይቀር አለ። ይህ የለም።

«ነግረውኝ ይሆናል» አሉ መምሬ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ልጅ ነበርኩ። አልያዝኩትም፣ ኦቦ ሙሜ።»

 ኦቦ ሙሜ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

«ፈልጉት» አሉ፤ «መሬት የት ይሄዳል?»

ውሃው ገብቷል። መጽሔቱ አልታተመም፤ የአዛውንቶችን በር እያንኳኳሁ ነው፤ እስካሁን የሚያውቅ አላገኘሁም። በመንደራችን ስሄድ አረማመዴ ተበላሽቷል። ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በአዲሱ ሚካኤላችን ግቢ ውስጥ፣ እግሬን የማነሣው ቀስ ብዬ ነው። ምን እየረገጥኩ እንደሆነ አላውቅም።