አያ ትዕዛዙና የአጥሩ ሐረግ

በየሰፈሩ ሳይጠየቅ መድኃኒት የሚያዝዝ ሰው አይጠፋም። ራስህን ትንሽ ካመመህ ሳያንኳኳ ይገባል፤ ከሐኪሙም ከታማሚውም በላይ ያውቃል። ለደጊቱ ይህ ሰው የደረሳት በምትኖርበት በቆሰበር ከተማ፣ አጥር ለአጥር ነው። ስማቸውም ሥራቸውም አንድ ነበር፤ አያ ትዕዛዙ ይባላሉ።

የክቡርነታቸው መድኃኒት ቤት በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው አጥር ነው። እዚያ ላይ አንድ ሐረግ ይሳባል። በጋ ይጠወልግና ክረምት ሲገባ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ኮከብ የመሰለ አበባ ያወጣል፤ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያነባል። ያ ወተት፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ለጭርት፣ ለኪንታሮት፣ ለጥርስ፣ ለላም መዥገር፣ ፈተና ለወደቀ ተማሪ እንኳ ፍቱን ነው።

"ጠብ ማድረግ ብቻ ነው" ይላሉ። "ሌላው የሐኪም ወሬ ነው።"

አንዲት የጥሊሊ ሙሽራ ጭርት ፊቷ ላይ ቢወጣባት ጠብ አደረጉላት። ሠርጓ ዕለት ጉንጯ ተልጦ በሻሽ ተሸፍና ቀረበች። "በሽታው እየወጣ ነው" አሉ። የደጊቱን ድድ ደግሞ ሳምንት ሙሉ አሳበጡት። ስታኮርፍ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ "ሁለተኛውን ጠብታ ስላልወሰድሽ ነው" ብለው ወቀሷት። እሷም ሳቀች። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ያስቅ ነበር።

ከዚያ ሚስታቸው እትዬ ይመኙሽ ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙ።

አያ ትዕዛዙ ጠዋትና ማታ ወተቱን ቀቡት። ቆዳው ሲቆስል "ሊፈነዳ ነው" አሉ። ደጊቱ፣ "አያ፣ ሆስፒታል ይውሰዷቸው እንጂ" ብላ ለመነች።

"ሆስፒታል ከመቁረጥ ሌላ ምን ያውቃል?"

እትዬ ይመኙሽም ባላቸውን ያምኑ ነበር። "እሱ ያውቃል" ይሏታል ቀስ ብለው። በሦስተኛው ወር ደጊቱ ባጃጅ ጠርታ፣ ደግፋ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ አየና አንገቱን ደፋ። መስቀል ሳይደርስ ተቀበሩ።

አያ ትዕዛዙ ከአርባው ማግስት መቆፈሪያ ይዘው ሐረጉን ሊነቅሉ ወጡ። በንዴት ሲጎትቱት ተበጠሰና ወተቱ ዓይናቸው ውስጥ ተረጨ። በነጋታው ደጊቱ ዓይናቸው አብጦ ተከድኖ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ይነሱ አያ፣ እንሂድ።"

"እሷን ሦስት ወር አስቀመጥኳት። እኔን አንድ ቀን ተይኝ።"

ደጊቱ ከቀብሩ ወዲህ ሰላም ብላቸው አታውቅም። "ሦስት ወር አስቀመጧቸው" ልትላቸው ብዙ ቀን አስባ ነበር። ራሳቸው ሲሉት ግን ምንም ደስ አላላትም። ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

አንደኛው ዓይን አልተረፈም። ሌላውን ለማሳየት በየሳምንቱ ትወስዳቸው ጀመር፤ እሳቸው እንደሆነ ለማንም ምንም ማዘዝ ትተዋል። አንድ ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ከግምጃ ቤት ከተማ የመጣች አንገቷ ያበጠ ሴት ልትሄድ ከአጠገባቸው ተነሣች።

"ተራው አልደርስ አለ። ጎረቤታችን የመድኃኒት ሥር ይሰጡኛል፣ አዋቂ ናቸው።"

"እኔም አዋቂ ነበርኩ" አሉ አያ ትዕዛዙ። "ሚስቴን ቀበርኩ። ቁጭ በይ።"

ሴትዮዋ ቁጭ አለች። አያ ትዕዛዙም ካርዷን እንዴት እንደምትይዝ፣ በየትኛው በር እንደምትገባ፣ ለሐኪሙ ምን ብላ እንደምትናገር ያዝዟት ጀመር። ቀጥለው ወደ ወዲያኛው ሰውዬ ዞሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደጊቱ ሰው የበዛበትን አግዳሚ መርጣ አስቀመጠቻቸው።