የከድር ዘይት በዶክተሮች ጉባኤ

ኮታ! ኑ፣ ቀረብ በሉ። አንተ ስልክህን አስቀምጥ፤ አንቺም ሳቅሽን ለኋላ አቆዪው። እኔ ሳወራ የሚያወራ ካለ፣ ለሰርጉ ወንበር ከሌላ ሰው ይከራይ!

እኛ ሰዎች እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል አመላችንን ታውቁታላችሁ። እግሩ የወለቀ ወንበር ጓሮ ይገባል፣ ነገረኛዋ አክስት ገበያ ትላካለች፣ የሚያስለው ልጅ ጎረቤት ያድራል። እንግዳው ሲገባ የሚያስል የለም፣ የሚቆጣ የለም፣ የሚወላገድ የለም። ገነት ነው።

ሥራዬ ድንኳንና ወንበር ማከራየት ነው። ነቀምት ውስጥ ወንበሬ ላይ ያልተቀመጠ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ቆሞ መብላት ይወዳል። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ቆሟል፤ እኔ እንቀጥል ብል እሱ እምቢ አለ። የእህቴ ልጅ ሌንሴ ግን የእኔንም ድርሻ ተማረችና ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። «ኤሱማ» ነው የምትለኝ፤ የእናቴ ወንድም ማለቷ ነው።

አንድ ቀን መጥታ «ኤሱማ፣ ጉባኤ አለብን። ተመራማሪዎችንና ባለፋብሪካዎችን ላገናኝ ነው» አለችኝ።

«ማን ማንን ሊያገባ?» አልኳት። አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተሮቹ ዘይት በሉት ውሃ፣ አፈር በሉት ማር፣ ውስጡ ምን እንዳለ ፈትሸው ያወጣሉ። ባለፋብሪካዎቹ ደግሞ የሚፈተሽ ችግር ሞልቷቸዋል። ግን አይተዋወቁም! የቡርቃ ጃቶ ሰፈሩ ጓደኛዬ ከድር ለምሳሌ ኑግ ጨምቆ ዘይት ይሸጣል። ሲጨመቅ ግሩም ነው፤ ቆላ ወርዶ ሰንበት ሲል ይከረፋል። እዚያ ቆላ ያሉት የአንገር ጉቲን ባለሱቆች ጀሪካኑን እየመለሱ «ሁለተኛ እንዳታመጣ» ብለውታል። እንዲህ ከቀጠለ መጭመቂያውን ሊሸጠው ነው። ሌንሴም «ናሙና ይዞ ይምጣ፤ እዚያው ፈትሸን መላ እንፈልጋለን» አለች። በቃ፣ የከድር እንጀራ እዚች ናሙና ላይ ተንጠለጠለች።

በጉባኤው ቀን ወንበሬን ደርድሬ ከኋላ ቆምኩ። አይ አቀማመጥ! ዶክተሮቹ በቀኝ፣ ባለፋብሪካዎቹ በግራ፣ መሀላቸው ከብት የሚያሳልፍ መንገድ። ሙሽሮቹ ሳይመጡ የተኳረፉ ዘመዶች ነው የሚመስሉት። አንዱ ዶክተር ስለ ባሕር ዓሣ ረጅም ነገር አስረዳን። ነቀምት ባሕር የላትም። አጨበጨብን።

ከድር ተጠራ። ጃኬቱን አስተካክሎ ከቦርሳው አንድ ጠርሙስ አወጣ። እንዴት ያለ ዘይት መሰላችሁ! ጥርት ያለ፣ ፊት የሚያሳይ። ሌንሴ ቤተ ሙከራ ወስዳ ፈትሻ ተመለሰችና፣ ግራ እንደገባት፣ «ምንም ችግር የለበትም» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከድር እጅ ነስቶ ተቀመጠ፤ ፊቱ ግን ለቀስተኛ መስሏል።

ጎንበስ ብዬ «ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ዛሬ ጠዋት የጨመቅኩት ነው።»

«የተመለሰውስ?»

«አቦ! ይሄ ሁሉ ከረባት ያሰረ ሰው ፊት የከረፋ ዘይት ላቅርብ?»

ሌንሴ ሰማችው። «ኤሱማ፣ ደህናውን ምን ላድርገው?» ስትል እንባዋ ሊመጣ ነው። እኔ ግን ለከድር ፈረድኩ። ክብር የሚባል ነገር አለ!

ይሄኔ በሩ ተበረገደ። የከድር ሚስት ዘይነባ! የተመለሰው ጀሪካን ቤት መቅረቱን አይታ በባጃጅ ጭናው መጥታለች። መጭመቂያው የእሷም ነው። መሀል ለመሀል አልፋ ዶክተሮቹ ጠረጴዛ ላይ ዷ አደረገችው፤ ክዳኑን ከፈተችው። የፊተኛው ረድፍ በሙሉ አፍንጫውን ያዘ።

የዓሣው ዶክተር ተነሳ። «የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ቆርቆሮ መጋዘን» አለ ከድር፣ መሬት መሬት እያየ።

«ጀሪካኑስ ይታጠባል?»

«ኧረ፣ ባለው ላይ እንጨምርበታለን እንጂ!»

ዶክተሩ ዓይኑ በራ። ወንበሬን እየጎተተ ከድር አጠገብ ተቀመጠ። ሳሙና የሚሠራው ሰውዬ «የእኔም'ኮ ይሰነጠቃል!» ብሎ ተነሳ። ሌላው ተከተለ። ያ የከብት መንገድ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ከቦ ይጮኻል፣ ሌንሴም መሀላቸው ገብታ ናሙና ትቀዳለች።

እኔ ግን የጓደኛዬ ክብር አንገብግቦኝ ዘይነባን ወደ ጥግ ሳብኳት። «ምን ነካሽ አንቺ? በእንግዳ ፊት ገመናችሁን ታወጫለሽ? ሰው ምን ይላል?»

እጇን በሻርፗ እየጠረገች አየችኝ።

«አንገር ጉቲን በሙሉ አሽትቶታል» አለችኝ፤ «ያልሸተታቸው እነዚህ ብቻ ነበሩ።»